ጣሪያ ላይ የሰማነው ተረት

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው ጣሪያ ላይ ወጥቼ ነበር። ይህን ለሲያትል ጓደኞቼ ስነግራቸው የማጋንን ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን በኮሞሮስ ደሴት የተከራየነው ቤት ጣሪያው ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ነበረ፣ የስልክ ኔትወርክ የሚገኘውም እዚያ ላይ ብቻ ነበረ፣ ተረት ነጋሪያችን ደግሞ ባሕር ተሻግራ ደብረ ብርሃን ነበረች፤ ስለዚህ ሌላ ምርጫ አልነበረንም። የዚያ ተረት ነገር እስከ ዛሬ ትዝ ባለኝ ቁጥር ያስደነግጠኛል፤ ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው በልጅነቱ ተረት አይደነግጥም ቢባልም እኔን ያስደነግጠኛል።

አባቴ ታምሩ የውሃ ጉድጓድ ባለሙያ ነው። አንድ የእርዳታ ድርጅት ቀጥሮት እናቴንና እኔን ይዞ ወደዚያች ደሴት ሲሄድ እኔ ገና ፊደል እየቆጠርኩ ነበር። እኛ እስከምናውቀው ድረስ እዚያ ከእኛ በቀር ሐበሻ አልነበረም። እማዬ ግን ተስፋ አልቆረጠችም፤ ገበያ በሄድን ቁጥር የሰው ፊት ትመረምራለች። አንድ ቀን ነጠላ የለበሰች የመሰለቻትን ሴት ከዓሣ ተራ እስከ ቅርንፉድ ተራ ተከትላት፣ ሴትየዋ ዘወር ስትል የአገሩ ሰው ሆና ተገኘች። እማዬ በድንጋጤ ያልፈለገችውን ሁለት እቅፍ ሙዝ ገዝታ ተመለሰች።

ኑሮአችን ራሱ ከአንዱ ድንጋጤ ወደ ሌላው መሸጋገር ነበር። ጫማዬን ላጠልቅ ስል ሸርጣን ከውስጡ ይወጣል። የሽሮ ድስት ሲከፈት እንሽላሊት ከኮርኒሱ ይወድቃል፤ ሽሮው ደግሞ በሻንጣ የመጣ፣ በማንኪያ ተለክቶ የሚወጣ ነውና እማዬ ከእንሽላሊቱ ይልቅ ለሽሮው ታለቅስ ነበር። እንጀራችን የሩዝ ዱቄት ነበር፤ ሲጠቀለል ይሰበራል። የእንቁጣጣሽ ዕለት እማዬ የአገር ልብስ አልብሳኝ በየጎረቤቱ እየዞርኩ አበባዮሽ እንድል ሰደደችኝ። ብቻዬን ስለነበርኩና «ለምለም» የሚል ተቀባይ ስላልነበረኝ፣ እሷ ራሷ ከኮኮናት ዛፍ ኋላ ተደብቃ «ለምለም!» እያለች ትቀበለኝ ነበር። ጎረቤቶቻችን ግራ ገብቷቸው የደረቀ ዓሣ ሰጡኝ። አባዬ ያን ዕለት እስኪያነባ ሳቀ፤ ቆይቶ ግን ሳቁ ጠፍቶ ዕንባው ብቻ ቀረ።

ማታ ማታ መብራት ይጠፋል። ያኔ ከሰል ላይ ካሳቫ የሚባለው ሥር ይጠበሳል፣ ፋኖስ ይለኮሳል፣ የትንኝ ማባረሪያው ጥቅልል ጫፉ ይቀላና ዓይን የሚያቃጥለው ጭሱ ከባሕሩ ጨውና ከቅርንፉዱ ሽታ ጋር ተደባልቆ ይከበናል። እሑድ ሲሆን ደግሞ አባዬ ፋኖሱን፣ እማዬ ካሳቫውን ይዘው፣ እኔ ደግሞ የአባዬን ስልክ በሁለት እጄ አቅፌ መሰላሉን እንወጣለን። አባዬ ክንዱን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ኔትወርክ ይፈልጋል። ሲያገኝ ስፒከሩን ይከፍትና ስልኩን ከፋኖሱ አጠገብ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያም የእናቱ ድምፅ፣ የእማማ ድምፅ፣ እየተቆራረጠ ይመጣል።

«ተረት ተረት!»

«የላም በረት!» እላለሁ እኔ። ድምፄ ዘግይቶ ስለሚደርሳት ሁልጊዜ መሀል ንግግሯ ላይ እገባባታለሁ፤ እሷም «ቆይ እንጂ አንቺ ጥድፍድፍ!» ብላ ትቆጣለች።

እማማ ምሕረት አታውቅም ነበር። በእሷ ተረት ውስጥ ያጠፋ ሁሉ ይሞታል። ሽማግሌ ላይ የሳቀውን ልጅ ጅብ እስከ ቀበቶው ይበላዋል፤ አማቷን የዋሸች ምራት ወንዝ ይወስዳታል፤ ስስታሙ ገበሬ በገዛ ጎተራው ውስጥ ይታፈናል። እማዬ «ልጅቷ ትቃዣለች፣ እማማ» ስትል፣ «ትቃዥ! እየቃዠ ያደገ ልጅ ሰው ይሆናል» ትላት ነበር። እኔ ጅብም ውርጭም አላውቅም፤ ግን ጭሱ መሀል ኩርምት ብዬ ጥርሴ እስኪንቀጫቀጭ እሰማለሁ። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ ይላል። የደሴቲቱ ብቸኝነት የሚለቀን ያኔ ብቻ ነበር።

አንድ ወቅት ላይ እማማ ጠፋች። ስልኩን የምታነሳው የአባዬ ታላቅ እህት አክስቴ አስካለ ሆነች። አንድ እሑድ «ጸበል ሄዳለች» አለች፤ በሚቀጥለው «ጉንፋን አሟት ተኝታለች»፤ በሚቀጥለው «ጎረቤት ለቅሶ ሄዳለች»። አባዬ ፈቃድ ጠይቆ ሊሄድ ቢል ውሉ ሳያልቅ አይሆንም ተባለ። ከዚያ በኋላ ሥራ ውሎ ሲመጣ ሳህኑን ገፍቶ ይነሳ ጀመር። በመጨረሻም እህቱን «የእናቴን ድምፅ ካላሰማሽኝ እህል አልቀምስም» አላትና እውነትም አልቀመሰም። እማዬ ስትለምነው ሰማሁ፣ ስታለቅስ ሰማሁ፣ ከዚያ ደግሞ ስልክ ይዛ ብቻዋን ጣሪያ ላይ ስትወጣ አየኋት።

በማግሥቱ ማታ የእማማ ድምፅ ተመለሰ። «ታምሩዬ፣ ደህና ነህ ልጄ? ጉንፋኑ ድምፄን ወሰደው እኮ።» የሻከረና የደከመ ነበር፤ እሷው ግን ነበረች። አባዬ ሲሚንቶው ላይ በጉልበቱ ወድቆ ድንግል ማርያምን አመሰገነ። ያን ማታ ካሳቫውን ብቻውን ጨረሰው።

ከዚያ ወዲህ ተረቱ ተለወጠ። ጅቡ ልጁን ሊበላው ይደርስና ልጁ ሲያለቅስ አንጀቱ ይባባል፤ ቆሎ ዘግኖ ይሰጠዋል። ወንዙ የወሰዳት ምራት ማዶው ዳርቻ ላይ ደህና ሆና ትገኛለች። በእማማ ተረት ማንም መሞት አቆመ። አባዬ «እርጅና አራራት» እያለ ይስቅ ነበር። እኔ እነዚህን ከፊተኞቹ ይበልጥ ወደድኳቸው፤ ውስጣቸው ይሞቃል። እማዬ ግን ተረቱ መሀል ሲደርስ «ከሰሉን ልየው» ብላ ትወርዳለች። ከሰሉ ሁልጊዜ ደህና ነበር።

በሌላው ዓመት እማዬ ዲቪ ደረሳት። የቪዛው ቀን ሊያልፍ ስለተቃረበ በአውሮፓ በኩል በቀጥታ ሲያትል ገባን፤ አባዬ ሥራ እንደያዘ መጥቶ እንደሚያያት ለእማማ ቃል ገባላት። ቢከን ሂል በሚባለው ሰፈር የተቀበለን የአባዬ የአጎት ልጅ ጋሽ ደምሴ ነው፤ ኤርፖርት ሰው ያመላልሳል፣ ከቤቱ ምድር ቤት ሁለት ክፍል ሰጠን። ለእኛ ሲያትል ብርድና ዝናብ ብቻ አልነበረም፤ የአውቶቡሱ ሾፌር ሐበሻ፣ ኦቴሎ ሰፈር ያለው ባለሱቅ ሐበሻ፣ ከሱቁ በር ላይ የሚከራከሩት ሁለት ሰዎች ሐበሻ! እማዬ ገበያ ውስጥ አማርኛ ስትሰማ እንደ ልጅ ዘለለች። ጋሽ ደምሴ ግን አባዬን ፊት ለፊት ማየት የሚፈራ ይመስል ነበር። አባዬ ስለ እናቱ ሲያወራ «ኦኬ፣ ኦኬ» ብሎ መኪናውን ፓርክ ሊያደርግ ይወጣል፤ መኪናው ቀድሞ ፓርክ ተደርጎ እያለ።

ከሳምንት በኋላ አንድ ቅዳሜ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ደረጃው ላይ የብዙ ሰው ኮቴ ሰማን። አባዬ በፒጃማው በሩን ከፈተ። አንድ ቄስ፣ ጋሽ ደምሴ፣ ከኋላቸው የማናውቃቸው ሴቶችና ወንዶች፤ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እኔ ነጠላ መዘቅዘቅ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ የአባዬን ፊት ሳይ ግን ተመልሼ አልጋው ላይ ወጣሁ።

«ታምሩ፣ እስቲ ቁጭ በል» አለ ጋሽ ደምሴ። «ሶ... ያው ሰው ነን እንግዲህ። የሰው ነገር...»

አባዬ አላስጨረሰውም። «እህቴን! አስኩዬን!» ብሎ ደረቱን መታ። ሴቶቹ አብረውት ጮኹ፤ ወንዶቹ ግራና ቀኝ ያዙት።

«አይደለም፣ አስካለ ደህና ናት» አለ ጋሽ ደምሴ። «እናትህ ናቸው፣ ታምሩ። እማማ ናቸው ያረፉት።»

አባዬ ልቅሶውን አቆመ። በእውነት አቆመ፤ ፊቱ ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር መጣ። «እናቴማ ደህና ናት፤ ተሳስታችኋል። ከትናንት ወዲያ አነጋግሬያታለሁ። አሜሪካ ገባህልኝ ብላ መርቃኛለች። ልጄን ጠይቋት!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም በኩራት «አዎ፣ ተረት ነግራኛለች» አልኩ።

አንዲት አሮጊት አማተቡ፤ ሌላዋ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከሰው ሁሉ ፊት ላይ ያየሁት ፍርሃት ወደ እኔ ተላለፈ፤ ምን እንዳጠፋሁ ግን አላወቅሁም።

«ካረፉ ዓመት አልፏቸዋል፣ ልጄ» አሉ ቄሱ ቀስ ብለው። «ተዝካራቸውም ወጥቷል። አንተ ወገን በሌለበት ደሴት ላይ ነበርክ። ማን ይዞህ ታለቅስ ነበር? ማንስ ያስተዛዝንህ ነበር? ሰው እስኪኖርህ ነው የተጠበቀው።»

አባዬ እማዬን ፈለጋት። እሷ ከኋላው ቆማ ነበር፤ ሌሊት ከእኛ ጋር ተኝታ ያደረችው እናቴ ነጠላዋን እንደ እንግዶቹ አዘቅዝቃለች። ያኔ ሁለቱ የተያዩትን አስተያየት ምንም ዓይነት ቃል አላገኝለትም። እሷ ታውቅ ነበር። ያን ዓመት ሙሉ ታውቅ ነበር።

«አስካለ ኮል አድርጋ እየጠበቀች ነው፤ እሷው ትንገርህ» አለ ጋሽ ደምሴና ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ዘረጋው።

«ታምሩዬ... ልጄ...» አለ ስልኩ፣ ሻክሮና ደክሞ።

ከአልጋው ላይ ዘልዬ ወረድኩ። «ይኸው! እማማ ናት! አልሞተችም አላልኳችሁም!» ብዬ ስልኩን ከጋሽ ደምሴ እጅ ነጠቅሁት። «እማማ! ሞተሻል ይላሉ እኮ!»

ከወዲያኛው በኩል ያው ድምፅ በልቅሶ ተሰንጥቆ ሌላ ሴት ከውስጡ ወጣች። «እኔ ነኝ፣ ሚጣዬ። አክስትሽ አስካለ ነኝ። ታምሩ፣ ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ። እህል አልቀመሰም ብላ ሚስትህ ስትነግረኝ፣ አንድ ቀን ብቻ፣ እስክትበላ ብቻ ብዬ ነበር። በሳምንቱ ደግሞ ደወልክ። ሚጣም ተረት አለችኝ...»

ስልኩ ከእጄ ወደቀ። ያንን ስሜት ዛሬም ላስረዳው አልችልም። ሰው መሞቱ አይደለም ያስደነገጠኝ፤ ሞትን ከእማማ ተረት ለምጄዋለሁ። ያስደነገጠኝ በፋኖሱ ብርሃን ስወዳት የኖርኩት ርኅሩኋ እማማ ኖራ አለማወቋ ነው። አባዬ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ሲጮህ፣ ሰዎቹ እጁንና ትከሻውን ይዘው አብረውት ሲያለቅሱ፣ እኔ ጥግ ይዤ «ጅቡን ያራራው ማን ነው? ጅቡን ያራራው ማን ነው?» እል ነበር ይላሉ። እኔ አላስታውሰውም።

ሐዘኑ በወጉ ተወጣ። የቢከን ሂል ሰው ድስት ይዞ እየተፈራረቀ ምድር ቤቱን ሞላው፤ አባዬን አንድም ማታ ብቻውን አልተዉትም። ሰው ሲበተን ግን ቤታችን ከደሴቲቱ የባሰ ብቸኛ ሆነ። አባዬ የእህቱን ስልክ አያነሳም፤ ከእማዬ ጋር የሚያወራው የቤት ኪራይና የኔን ትምህርት ቤት ብቻ ነው። ተረት ቀረ። እኔ እናቴና አባቴ ይለያያሉ ብዬ ስለፈራሁ ማታ ማታ በሩ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ጸጥታቸውን አዳምጥ ነበር።

አንድ የበጋ ማታ ጋሽ ደምሴ ጓሮ ሥጋ ተጠብሶ ሰው ሁሉ ወደ ቤት ሲገባ አባዬ ፍሙ አጠገብ ቀረ። ጠራኝና አጠገቡ አስቀመጠኝ። ፊቱ በፍሙ ቀልቶ ነበር። «ሚጣ፣ አንቺ ግን እንዲህ እንዳታደርጊኝ» አለኝ። «የኔ ሰው ሲሞት ሰው እስኪሰበሰብ አትበይ። በሰማሽበት ሰዓት ንገሪኝ። ብቻዬን ብሆንም፣ መንገድ ላይ ብሆንም ንገሪኝ። ማይ ልጅ፣ ቃል ግቢልኝ።» ቃል ገባሁለት። ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛው የገባችው ገና ያች አንዲት ቃል ነበረችና ሲለምነኝ ለተናገራት ለዚያች «ማይ» ስል አለቀስኩ።

ሽማግሌዎች ተመላልሰው አስታረቋቸው፤ መጀመሪያ ከእማዬ ጋር፣ ቆይቶ ከእህቱ ጋር። አክስቴ አስካለ በገዛ ድምፅዋ ስታወራ ጆሮዬ እስኪለምድ ጊዜ ወሰደብኝ። ከዚያ ግን እኔ ኮሌጅ እስክገባ ድረስ እየደወለች ተረት ነገረችኝ። በተረቷ ውስጥ አሁንም ማንም አይሞትም ነበር። «እማማ እኮ ሁሉንም ነበር የምታስበላቸው» ስላት፣ «እሷ ጀግና ነበረች፤ እኔ የሞተ ሰው ይበቃኛል» አለችኝ።

ያለፈው መጸው ላይ ኦቴሎ አጠገብ በምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ ሳለሁ የአክስቴ ልጅ ከደብረ ብርሃን ደወለልኝ። አክስቴ አስካለ በተኛችበት አርፋ ነበር። «ለጋሽ ታምሩ እንዳትነግሪው» አለኝ እያለቀሰ። «ጋሽ ደምሴ ሰው ሰብስቦ ነገ ሲነጋጋ ቤቱ ይሄዳል።»

ጓንቴን አውልቄ፣ ሐኪሟን አስፈቅጄ በቀጥታ ማውንትሌክ ቴራስ ነዳሁ። አባዬና እማዬ አሁን የሚኖሩት እዚያ ነው። እማዬ ሥራ ላይ ነበረች። አባዬ ጓሮ የረገፈውን ቅጠል እየጠረገ ነበር፤ ሲያየኝ መጥረጊያውን አቆመ። «በሥራ ሰዓት? ምነው፣ አመመሽ?» አለ።

ቃሌን አሰብኩ፤ ቃሌን ብቻ። «አባዬ፣ አክስቴ አስካለ አርፋለች» አልኩት። «ዛሬ ነው። ነገ ጠዋት ሊነግሩህ ነው። እኔ ግን...»

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ደረጃው ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ ተቀምጬ እጁን ያዝኩት፤ ቀዝቃዛ ነበር። ይጮሃል ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸም። ሳይቆጣኝ፣ ወደ ቅጠሉ እያየ፣ «ምን ነበር ዛሬን ብታሳድሪኝ፣ ልጄ?» አለኝ።

«ራስህ እኮ ነህ ቃል ያስገባኸኝ!» ልለው አፌን ከፈትኩ።

«እኔ ነኝ፤ እኔው ነኝ» አለ አፌን ያየ ይመስል። «ጥፋት የለብሽም። ለደምሴ ግን እንደነገርሽኝ አትንገሪው፤ ሰው ሰብስቦ ሲደክም ነው የሚያመሸው።»

ያን ማታ እራት በላን። እማዬ ስትመጣ ምንም አልነገራት፤ ዜና አየ፣ መድኃኒቱን ዋጠ፣ ተኛ። አንዲት ዘለላ ዕንባ አላየሁበትም። ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ ደነደነ እንዴ፣ ወይስ ቀድሞ አልቅሶ ጨርሷት ነው፣ እያልኩ አደርኩ።

ሲነጋጋ ኮቴ መጣ። አባዬ ራሱ በሩን ከፈተ። ጋሽ ደምሴ አርጅቷል፤ ከዘራ ይዟል፤ ከኋላው ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው እስከ መንገዱ ተሰልፏል። «ታምሩ፣ ቁጭ በል እስቲ» አለ እንደ ድሮው። አባዬ እንደማያውቅ ሰው ቁጭ አለ። «አስካለ...» ሲለው፣ ከትናንት ጀምሮ ያውቀው የነበረው አባቴ ጮኸ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከእናቱ ወዲህ አልሰማሁበትም። ማስመሰል አልነበረም፤ ወለሉ ላይ ሊወድቅ ሲል ሰዎቹ ግራና ቀኝ ተቀበሉት፤ እሱም በእጃቸው ላይ ተለቅቆ፣ ከእኔ ጋር ሳለ ያላነባውን ሁሉ አነባ። እነዚያን እጆች ነበር የጠበቀው። እኔ ከአንድ እጄ በቀር ምንም ሳልይዝ ነበር የሄድኩት።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሴቶቹ መሀል ስገባ አክስቴን አሰብኳት። አባዬን ለእናቱ ሲያለቅስም ለእህቱ ሲያለቅስም ሰው ይዞታል። ያቺ ሴት ግን በየእሑዱ የሞተች እናቷን ድምፅ ከጉሮሮዋ አውጥታ፣ ጅቡን አራርታ፣ እኔን አስቃ ካበቃች በኋላ ስልኩን ትዘጋና ትቀር ነበር። ስልኩን ዘግታ ማን ይዟት እንደምታለቅስ፣ ከመካከላችን አንድም ሰው አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም።